ያልተከፈለ የስም ኪራይ

ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን
በዱር እንስሳ ስምና ምስል ለምትሠሩ ድርጅቶች፣ ክለቦችና ማኅበራት በሙሉ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ያልተከፈለ የስም ኪራይን ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኔ ሎጎ ሠሪ ነኝ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት ትንንሽ የኅትመት ቤቶች በአንዱ ቁጭ ብዬ ቢዝነስ ካርድ፣ ባነር፣ ማኅተምና ቲሸርት ዲዛይን አደርጋለሁ። የእንስሳት ሊቅ አይደለሁም። የእንስሳት ምስል እየሸጥኩ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። አቤቱታዬም ከዚያው ከእንጀራዬ የሚነሳ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከኛ ሱቅ ውጡና ዙሪያውን ተመልከቱ። ብሔራዊ ቴአትር ጋ ያ ማዕዘን ማዕዘኑ የወጣ የድንጋይ አንበሳ ቆሟል። ሞሪስ ካልካ የተባለ ፈረንሳዊ ቀራፂ በ1955 ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ 25ኛ ዓመት በዓል የሠራው ነው። ቁልቁል ወደ ለገሃር ስትወርዱ ዘውድ የደፋው የይሁዳ አንበሳ ይጠብቃችኋል። በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ስትሉ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ። ስሙ የመጣው ከአርበኞቹ ነው፤ አርበኞቹ ግን ከማን ወሰዱት? በመሀሉ ሕዝቡ እስከ ዛሬ "አንበሳ" የሚለው የከተማ አውቶቡስ ያልፋል። አንበሳ ባንክ አለ፣ አንበሳ ጫማ አለ፣ ኒያላ ኢንሹራንስ አለ። ሱቅ በደረቴው ኒያላ ሲጋራ ይሸጣል። ካፌ ገብታችሁ ስለ ብሔራዊ ቡድን ወሬ ብታነሱ የሚወራው ስለ ዋልያዎቹ ነው። ኪሳችሁ ውስጥ 10 ሳንቲም ካለ ደግሞ (ካለ ነው የምለው፣ የታክሲ ረዳት እንኳን አይቀበለውም) ገልበጥ አድርጉት። በአንዱ ፊት የአንበሳ ራስ፣ በሌላው የደጋ አጋዘን፣ ማለትም ኒያላ፣ ታገኛላችሁ።

ስሙ ያምራል፣ ያስከብራል፣ ይሸጣል። ለስሙ ባለቤት ግን ኪራይ የሚከፈልበት ሥርዓት የለንም። በበጎ ፈቃዳቸው አንድ ነገር ያደረጉ ድርጅቶች ካሉ እግዜር ይስጣቸው፤ ማንንም በስም እየጠራሁ ልከስስ አልተነሳሁም። የምናገረው ስለ ሥርዓት ነው። በዚህ ከተማ አንዲት ሁለት በሦስት የሆነች ሱቅ እንኳን ያለ ኪራይ አትገኝም። የዋልያ ስም ግን ነፃ ነው።

ከዋልያው ልጀምር፤ ደንበኞቼ ደጋግመው የሚያዙኝ እሱን ስለሆነ። አንዱ መጥቶ "ይሄንን ዋልያ ቁርጥ አድርገህ ሥራልኝ" ብሎ ስልኩ ላይ ፎቶ አሳየኝ። ዙሪያው በረዶ ነው። እንስሳው የአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ፍየል ነበር። ቀንዳቸው ይመሳሰላል፣ ዘመዳሞችም ናቸው። የኛው ግን ቀለሙ ቡናማ ሆኖ ሆዱ ነጭ ነው፤ ወንዱ ግንባሩ ላይ ጎላ ያለ የአጥንት ጉብታ አለው። ይሄን ስነግረው "ማን ያውቃል ብለህ ነው" አለኝ። ተናደድኩ፣ ግን እውነቱን ነው።

ዋልያ በዓለም ላይ ያለው ሰሜን ተራሮች ላይ ብቻ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ቁጥሩ ወደ 150 ገደማ ወርዶ ነበር። ፓርኩ ከተቋቋመ በኋላ፣ በ1978 ደግሞ ከላሊበላ ጋር ከዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሲሆን፣ ሰው ተስፋ አደረገ። በ1996 ግን አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው፤ ያኔ ዋልያውም ተራብቶ ብዙ መቶ ደርሶ ነበር። እሰየው አልን። ከዚያ ወዲህ ጦርነትና ግጭት መጣ፣ ጥበቃው ላላ፣ ቁጥሩ እንደገና አሽቆለቆለ።

ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ የነበረውን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ዋልያ ያልታተመበት ቲሸርት ፈልጎ ማግኘት አይቻልም ነበር። የሰፈራችን ማተሚያ ማሽኖች ሌሊቱን ሲሠሩ ያድሩ ነበር፤ ቀለም አልቆ ከመርካቶ በባጃጅም በእግርም ተሯሩጠን አምጥተናል። ሁላችንም ጥሩ በላን። ከዚያ ሁሉ ገበያ ለዋልያው ተብሎ ወደ ፓርኩ ከተማ ወደ ደባርቅ የተላከ ገንዘብ ስለመኖሩ አልሰማሁም። እኔም አልላክሁም።

ችግሩ ጥይት ብቻ ቢሆን ጠባቂ በማብዛት ይፈታ ነበር። የአየሩ ነገር ነው የከፋው። ጋራ ላይ በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። እንግዲህ አስሉት፤ አየሩ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ እነዚህ እንስሳት የለመዱት ብርድ 170 ሜትር ያህል ወደ ላይ ሸሸ ማለት ነው። ብርዱን ተከትሎ ሣሩ ይወጣል፣ ሣሩን ተከትሎ እንስሳው። ከኋላቸው ደግሞ ገብሱ ይከተላል። ድሮ ውርጭ እህል አላስቀምጥ ይለው የነበረው መሬት አሁን ይታረሳል፤ ገበሬው ልጅ ወልዷል፣ ልጁም መሬት ይፈልጋል። ከብቱም እንደዚያው ወደ ላይ ይነዳል። ጋራ ደግሞ ወደ ላይ በወጡት ቁጥር እየጠበበ ነው የሚሄደው። ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ዋልያ የሚሰደድበት አገር የለም።

ድርቁ ሲጠና እሳትም ይመጣል። በ2019 ሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ድረስ ጠብቀናል። የአካባቢው ሰው እስከዚያው በቅጠልና በአፈር ሲታገል ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ለዋልያው ማን ከፈለ? ፓርኩ ውስጥ ግጭ የሚባል መንደር ነበር። በ2016 ገደማ ነዋሪዎቹ ከዚያ ተነስተው ደባርቅ ከተማ ሰፈሩ። ገብስ ያመርት የነበረ፣ በግ ያረባ የነበረ ሰው ድንገት ከተሜ ሆነ። ካሣ ተሰጥቷቸዋል፣ እሺ። ግን መሬት ላይ ላደገ ሰው የካሣ ብር ስንት ቀን ይቆያል? መነሳታቸው ለግጦሹ አስፈላጊ ነበር የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። የምለው ይሄን ብቻ ነው፦ የግጭ ገበሬ ለዋልያው ቀዬውን ከፍሏል። በዋልያ ስም አዲስ አበባ ላይ የምንነግደው እኛ ምን ከፈልን?

ኒያላውም ቢሆን ሁኔታው ያው ነው። የውጭው ዓለም ሳይንስ የደጋ አጋዘንን ያወቀው ገና በ1910 ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭም የለም። ዋና መኖሪያው ባሌ ነው። ዲንሾ ላይ የፓርኩ ግቢ ውስጥ ቆማችሁ በቅርብ ልታዩት ትችላላችሁ። ከግቢው ወጣ ስትሉ ግን እርሻው፣ ከብቱና ቤቱ ነው። ይህንን የሚያህል እንስሳ ብዙው የከተማችን ሰው የሚያውቀው በሲጋራ ፓኮ ነው፤ ይሄ ሲያሳፍረኝ ይኖራል። ለአንድ ወተት ነጋዴ ግልገሏን የምታጠባ ባለቀንድ ኒያላ ሥራልኝ ተብዬም አውቃለሁ። "ሴቷ ቀንድ የላትም" አልኩት። "አድርግላት" አለኝ።

ቀይ ቀበሮን ሥራልኝ ብሎ የመጣ ደንበኛ ግን አላጋጠመኝም። ገባኝ፣ ቀበሮ ሲባል ተንኮል ነው ትዝ የሚለን። ማን ባንኩን ቀበሮ ብሎ ይሰይማል? ይሁንና እሱም ከባድ አደጋ ላይ ነው። ለአካለ መጠን የደረሱት በዓለም ላይ ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ውስጥ ነው። ሳነቴ ላይ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ፍልፈል ሲያድን ይውላል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ጆሮውን ቀስሮ፣ ሆዱን መሬት አስነክቶ ይጠብቃል፤ ፍልፈሏ ብቅ ስትል ነው የሚዘለው። በ2024 የወጣ ጥናት ደግሞ አበባ ሲልስ ታየ አለ። ቀይና ቢጫ የሆነውን ረጅም የደጋ አበባ እየዞረ ማሩን ይልሳል፣ አፉ በብናኝ ተለውሶ። ሥጋ በል እንስሳ አበባ ሲልስ! ሎጎ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ሥዕል ከየት ይመጣል?

የሚገድለው ደግሞ የውሻ በሽታ ነው። እረኛ ያለ ውሻ ደጋ አይወጣም፤ ጅብ አለበት። ውሻው ካልተከተበ የእብድ ውሻ በሽታን ይዞ ይወጣል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባሌ ላይ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላዩ በዚህ አለቀ። በ2003፣ በ2008 እና በ2014 በሽታው ተመልሶ መጣ። ከ2018 ጀምሮ ክትባት በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ማታ ማታ በየመንጋው ክልል እየተቀመጠላቸው ነው። የሚሠሩትን ሰዎች አስቡ። በዚያ ብርድ፣ በሌሊት፣ በፈረስ። ውሾቹም በየመንደሩ እየተዞረ ይከተባሉ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘቡ ደግሞ በአብዛኛው ከባሕር ማዶ ነው የሚለመነው። ባሌ በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ግን "የኛ" ያላለ አልነበረም።

ስለዚህ ከስም ኪራዩ እንዲቋቋም የምጠይቀው ፈንድ ለየስሙ የሚከፋፈል መሆን የለበትም። እንደዚያ ከሆነ አንበሳው ሀብታም ይሆንና ቀይ ቀበሮው ባዶ እጁን ይቀራል። ታዋቂው ለማይታወቀው ይክፈልለት።

አንበሳውም ሀብታም ሆኖ አይደለም። የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢን ሁላችንም ልጅ ሆነን እጃችንን ተይዘን አይተነዋል። በ1948 የተቋቋመ ነው። በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት በዚያ ግቢ ያሉት ባለ ጥቁር ጎፈር አንበሶች ከሌሎች ከተጠኑት የአፍሪካ አንበሶች የሚለዩ ናቸው ብሏል። በዱር ያሉት ደግሞ በጋምቤላ፣ በኦሞ፣ በባሌ ሐረና ጫካና በሌሎችም ቦታዎች ተበታትነው ይኖራሉ። አላጥሽ ፓርክ ውስጥ አንበሳ መኖሩ በካሜራ የተረጋገጠው ገና በ2016 ነው። ላሙ የተበላችበት ሰው መርዝ ቢያስቀምጥ ልፈርድበት ይከብደኛል። ያቺ ላም የዓመት ኑሮው ናት። መርዙ ግን አንበሳውን ገድሎ አያቆምም፤ ጅቡንም ጥንብ አንሳውንም ይዞ ይሄዳል። ለላሟ በጊዜው የሚከፍለው ሰው ቢኖር መርዙን አይገዛም ነበር።

ለገሃር ያለውን አንበሳ ጣሊያኖች ሮም ወስደውት እንደነበር ታውቃላችሁ። ዘርዓይ ደረስ በ1938 እዚያ ሲያየው ተንበርክኮ ጸለየ፤ ሊያስነሱት የመጡትንም በጎራዴው ተጋፈጣቸው ይባላል። በትምህርት ቤት የተማርነው ታሪክ ነው። ሐውልቱ በ1960ዎቹ ተመልሶ ቦታው ላይ ቆመ። ለሐውልቱ እንዲህ የሆነች አገር ደም ላለው አንበሳ ግማሽ በመቶ ብትጠየቅ ይበዛባታል አልልም።

ግማሽ በመቶ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2018 ከአጋሮቹ ጋር "የአንበሳ ድርሻ" የሚል ፈንድ አስጀምሯል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ማስታወቂያው ላይ እንስሳ ያሳየ ድርጅት፣ ያንን ማስታወቂያ ለማስተላለፍ ካወጣው ገንዘብ 0.5 በመቶውን ለእንስሳቱ ይሰጣል። በኛ ብናሰላው ከ1 ሚሊዮን ብር ማስታወቂያ 5,000 ብር ነው። እኔ የማውቃቸው ድርጅቶች በሆቴል ለሚያደርጉት የግማሽ ቀን ስብሰባ ለሻይ ቡና ብቻ ከዚህ በላይ ያወጣሉ። የስብሰባውን ባነር የምሠራላቸው እኔ ስለሆንኩ ነው የማውቀው።

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣ የምጠይቃችሁ እንግዲህ ይሄንን ነው። የስም ኪራይ መመሪያ አዘጋጁ። አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ መጀመሪያ በፈቃደኝነት ይሁን። የንግድ ምልክት የሚመዘገበው አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ነው። እዚያ የሚሞላው ቅጽ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ "ምልክቱ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳ አለበት ወይ?" አለበት ያለ ሰው ስለ ፈንዱ ይነገረው። እምቢ ካለም መብቱ ነው። የሰጡትን ግን በየዓመቱ በጋዜጣ አመስግኗቸው። እኔ ይህንን ከተማ ካወቅሁት ስሙ ከዝርዝሩ የቀረበት ነጋዴ በሚቀጥለው ዓመት ራሱ ይመጣል።

ገንዘቡ ዎርክሾፕ ላይ እንዳያልቅ አደራ። ቢሾፍቱና ሐዋሳ ላይ ስለ ዋልያ ብዙ ተነጋግረናል። ለስካውቶቹ፣ ለፓርኮቹ ጠባቂዎች፣ ጫማና ካፖርት ይግዛ። ለውሻ ክትባት ይሁን። ለተበላ በግና ላም ወር ሳያልፍ ይከፈልበት። ደባርቅ ለሰፈሩት የግጭ ሰዎች ልጆች ሥራ ማስጀመሪያ ይሁን።

"ሰው እየተራበ ስለ እንስሳ ታወራለህ" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ሱቅ ውስጥም ተብያለሁ። ከላይ የዘረዘርኩትን ድጋሚ ቢያነበው ገንዘቡ የሚደርሰው ለሰው እንደሆነ ያያል። "ገበሬው ራሱ አይደል የሚያጠፋው" የሚለኝ ደግሞ መንዝ ይሂድ። እዚያ ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሣር ምድር የጠበቀው ገበሬው ነው። አስቦና ገራ ከተባሉት አቅኚ አባቶች ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የአካባቢው ባህላዊ ሥርዓት ሣሩ የሚታጨድበትና ከብት የሚገባበት ጊዜ ተወስኖ ኖሯል። የደርግ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ በኋላ በራሳቸው ኮሚቴና መተዳደሪያ ደንብ መልሰው አቆሙት። ዛሬ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም አለ፤ የቤት ክዳን ሣሩም አለ። እኛ አዲስ አበቤዎች በበኩላችን የምንጠጣትን ቡና የምናፈላው በከሰል ነው፤ ከሰሉም ብዙው ከስምጥ ሸለቆ ግራር የተቃጠለ ነው። አብያታ ሻላን ያየ ሰው ግራሩ ምን እንደደረሰበት ይነግራችኋል። ስለዚህ ጣት ስንቀስር ቀስ ብለን ይሁን።

ለከተማው አስተዳደርም አንድ ትንሽ ነገር። ኮሪደሩ ሲሠራ መሀል ከተማው አምሯል፣ መብራቱም ደምቋል። ብሔራዊ ቴአትር ያለው አንበሳ አጠገብ አንዲት ሰሌዳ ትቁም። የዓመቱ የዋልያ ቆጠራ፣ የቀይ ቀበሮ ቆጠራ፣ የደጋ አጋዘን ቆጠራ ይጻፍባት። በየዓመቱ ትታደስ። ሰዉ የዶላር ምንዛሬ በቃሉ ይዞ ይዞራል፤ ይሄንንም ሦስት ቁጥር አይከብደውም። የሰሌዳዋን ዲዛይን በነፃ እሠራለሁ፤ ኅትመቱን ጎረቤቶቼ ይችሉታል።

ለሥራ ባልደረቦቼም መልእክት አለኝ። የእንስሳ ሎጎ ስትሠሩ ደንበኛውን ጠይቁት፣ እንስሳው የት እንደሚኖር ንገሩት። ከምታስከፍሉትም ላይ ለፈንዱ ትንሽ ቀንሱ። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ለመቀነስ ዝግጁ ነኝ። የቸገረኝ የማስገባበት ቦታ ነው። ስለሆነም ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የሚውል የባንክ ሒሳብ ተከፍቶ ቁጥሩ ለሕዝብ እንዲገለጽልን በማክበር እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ሎጎ ሠሪ
ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን
ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር